ሐረጉን ያየ ወይኑን ያውቃል

ዐምድ፦ ከገዳሙ ደጅ

በዚህ ዐምድ አዘውትረን የምንጽፈው ስለ ቅዱሳት መካናት ነው። ዛሬ ግን በእነዚያ መካናት መካከል ስላሉት ማሳዎች፣ በማሳዎቹም ስለሚደክሙት ገበሬዎችና መነኰሳት፣ ከድካማቸውም ስለሚገኘው ቀይ ወይን እንጽፋለን።

ለመጻፍ ያነሣሣን በየዓመቱ ከተሳላሚዎች የሚቀርቡልን ሦስት ጥያቄዎች ናቸው። አንደኛው፣ «ከቅድስት አገር ወይን ይዘን መሄድ እንፈልጋለን፤ የትኛውን እንግዛ?» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «ለደብራችን ለቍርባን የሚሆን ወይን ከዚህ ብንወስድ አይሻልምን?» የሚል ነው። ሦስተኛው ድምፅን ዝቅ አድርጎ የሚጠየቅ ነው፦ «ለመሆኑ ወይን መውደድ ለክርስቲያን ይገባዋልን?» እነዚህን ጥያቄዎች በአንድ ቃል ከመመለስ ይልቅ፣ ባለፉት ዓመታት ከኢየሩሳሌም ዙሪያ ባሉ መንደሮች እየተዘዋወርን ያየነውንና የተማርነውን ብናካፍላችሁ መልሱ በየቦታው ይገኛል ብለን እናምናለን።

ከማኅበራችን አብዛኞቻችን ያደግነው ጠጅና ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ነው። ወይን ስንል በቅድሚያ ትዝ የሚለን በመጽሐፍ ያነበብነው ነው፤ ከዚያም በገሊላ ቃና ለተሳላሚ የሚሸጠው፣ በትንሽ ጠርሙስ የታሸገው ጣፋጭ ወይን ነው። ያ ጣፋጭ ወይን ስኳሩ ፈልቶ ሳያልቅ የቀረበት ወይም ማጣፈጫ የተጨመረበት በመሆኑ ለእንግዳ አፍ ይቀላል። የገበሬው ቀይ ወይን ከዚህ የተለየ ነው። ጣፋጭነት የለውም፤ ምላስን ይይዛል፤ ድድን ያጨማድዳል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሰው ሰው ፊቱን ያጠቍራል። ፍቅሩ የመጣልን በብርጭቆ በኩል አይደለም፤ በእግር በኩል ነው። ማሳውን ከረገጥን፣ መጭመቂያውን ካየን፣ በበርሜሉ መካከል ቆመን ሽታውን ካሸተትን በኋላ ያው መጠጥ ሌላ ሆኖ ተገኘ።

ከቋንቋችን እንጀምር። በግእዝ «ወይን» የሚለው አንድ ቃል ተክሉንም፣ ፍሬውንም፣ ከፍሬው የሚገኘውንም መጠጥ ይጠራል። ዕብራይስጡም «ያዪን» ሲል ከዚሁ ቃል ብዙ አይርቅም። አማርኛችን ግን ተክሉንና መጠጡን ለመለየት «ወይን ጠጅ» አለ፤ የባዕዱን መጠጥ በገዛ ማዕዱ መጠጥ አስታከከው ማለት ነው። ከዚያም አልፎ ያንኑ ስም ለቀለም ሰጠው፤ ዛሬ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ካባ ስንል ማንም ስለ መጠጥ የሚያስብ የለም። ወይን በብዛት በማይበቅልበት አገር ቃሉ ይህን ያህል ሥር መስደዱ፣ በመጽሐፍና በቅዳሴ በኩል ምን ያህል እንደ ቀረበን ያሳያል።

ከኢየሩሳሌም ወደ ያፋ በሚወስደው መንገድ፣ ተራራው አልቆ ሜዳው ሲጀምር፣ የላትሩን ገዳም አለ። ገዳሙን በ1890 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ከፈረንሳይ የመጡ ትራፒስት የሚባሉ መነኰሳት ናቸው። ብዙም ሳይቆዩ ወይን ተከሉ፤ መጥመቅም ጀመሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተባረው ከጦርነቱ በኋላ ተመለሱ፤ ዛሬ የሚታየውንም ሕንፃ በ1920ዎቹ ሠሩ። በ1948 እ.ኤ.አ. በዙሪያቸው ከባድ ውጊያ ተደርጓል። ይህ ሁሉ ቢያልፍም ሐረጉ ዛሬም ይገረዛል፤ ፍሬውም ይለቀማል። የመካከለኛው ዘመን ተሳላሚዎች የቦታውን ስም «ወንበዴ» ከሚለው የላቲን ቃል ጋር አገናኝተው፣ ይህ የፈያታዊ ዘየማን አገር ነው ይሉ ነበር። የስሙ ምንጭ የመስቀል ጦረኞች ምሽግ መሆኑን የታሪክ ሰዎች ቢናገሩም፣ በሰሙነ ሕማማት ፈያታዊ ዘየማንን ለምናስብ ለእኛ የተሳላሚዎቹ አባባል ደስ ይላል።

የትራፒስት መነኰሳት ዝምታን የሚወዱና በገዛ እጃቸው ሥራ የሚተዳደሩ ናቸው። እኛ «ተግባረ እድ» የምንለው ሥርዓት ለእነርሱም የምንኵስና ዓምድ ነው። በስድስተኛው መቶ ዓመት የተጻፈውና የሚመሩበት የቅዱስ ቤኔዲክቶስ ሥርዓት አንድ ሙሉ ምዕራፍ ለወይን መጠን ሰጥቷል። ጸሓፊው ከመጠጥ ፈጽሞ መራቅን የበለጠ ያከብራል፤ ነገር ግን ሁሉም መነኰሳት ይህን እንደማይችሉ ዐውቆ ለቀን የሚበቃ ትንሽ ልክ ወሰነ፤ ከስካርም እንዲጠበቁ አስጠነቀቀ። ወይን የሚጠምቅ ገዳም የመጠጥን አደጋ ከማንም በፊት ያውቃል።

ከእኛ ጋር ወደ ላትሩን ከመጡት አባቶች አንዱ ቆብ ከደፉበት ቀን ጀምሮ የሚያሰክር ነገር ወደ አፋቸው አላስገቡም። እኛ ስንቀምስ እርሳቸው ወደ ማሳው ወጡ። ወሩ ጥር ስለ ነበር ሐረጉ ቅጠል አልነበረውም፤ ደረቅ ጕቶ ይመስል ነበር። አንዱ ሠራተኛ በመቍረጫ ያለፈውን ዓመት ቅርንጫፍ እየለቀመ ያወርዳል። «ስንቱን ትተዋለህ?» ብለው ጠየቁት። ከአንድ ግንድ ከበቀለው አብዛኛው እንደሚወገድ፣ በቀሩትም አጫጭር ቅርንጫፎች ላይ ሁለት ሁለት እንቡጥ ብቻ እንደሚቀር አሳያቸው። ሐረጉ ካልተገረዘ ቅጠሉ ይበዛል፤ ዘለላውም ይበዛል፤ ፍሬው ግን ውሃ ውሃ ይላል። አባታችን ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብለው ቆሙና፣ «ጌታችን ስለ ግንዱና ስለ ቅርንጫፉ ያስተማረውን አሁን በዓይኔ አየሁት» አሉ። ያን ቀን ከሁላችን ይልቅ ወይኑን የወደዱት ያልቀመሱት አባት ናቸው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ጥርን ካነሣን፣ አንድ ነገር እንጨምር። ቤተ ክርስቲያናችን የቃና ዘገሊላን በዓል የምታከብረው ጥር 12 ቀን ነው። በዚያን ቀን በዚህ አገር ሐረጉ ባዶ እንጨት ነው። ለበዓሉ የመጣ ተሳላሚ በመንገዱ ዳር የሚያየው ማሳ የሞተ ይመስላል። ውሃው ወይን የሆነበትን ተአምር የምናስበው ማሳው አንዲት ፍሬ በሌለው ጊዜ መሆኑን ያስተዋለ ሰው፣ በዓሉን በሌላ ዓይን ያየዋል።

አሁን ስለ አሠራሩ ጥቂት እንበል፤ ጠጅ ሲጣል ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የአብዛኛው ጥቍር ወይን ጭማቂ እንደ ነጩ ወይን ጭማቂ ገርጣ ያለ ነው። ቅላቱ ያለው በልጣጩ ውስጥ ነው። ስለዚህ ነጭ ወይን የሚሠራ ሰው ፍሬውን ጨምቆ ልጣጩን ቶሎ ይለያል፤ ቀይ ወይን የሚሠራው ግን ጭማቂውን ከነልጣጩና ከነዘሩ ያፈላዋል። እርሾው ስኳሩን እየበላ ወደ አልኮልና ወደ አየር ይለውጠዋል። አየሩ ልጣጩን ወደ ላይ ይገፋውና እንደ ወፍራም ክዳን ይንሳፈፋል። ጠማቂው በቀን ደጋግሞ ክዳኑን ወደ ታች ካልደፈቀው ይደርቃል፤ ይበላሻልም። በመስከረም ወር መጥመቂያ ቤት የገባ ሰው ድምፁን ይሰማል፤ በጋን ውስጥ እንደሚፈላ ጥንስስ ዝቅ ያለ፣ የማያቋርጥ ሹክሹክታ ነው።

አፍ የሚያጨማድደው ነገር ታኒን ይባላል፤ በወፍራም ሻይና ባልበሰለ ሙዝም ውስጥ ይገኛል። የሚመጣው ከልጣጩ፣ ከዘሩና ከበርሜሉ እንጨት ነው። ለጀማሪ ጕድለት ይመስላል፤ ወይኑን ለዓመታት የሚያቆየው ግን እርሱው ነው፤ በጊዜም ይለዝባል። በተለምዶ የሚሠራበት የኦክ በርሜል 225 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ይህም 300 ጠርሙስ ይሆናል። የበርሜሉ ውስጥ ከመዘጋቱ በፊት በእሳት ይጠበሳል። ይህን ስንሰማ እርስ በርስ ተያየን፤ እናቶቻችን ጋኑን በወይራ ጭስ የሚያጥኑት ትዝ ብሎን ነበር። እንጨትና እሳት ለመጠጥ ጠረን እንዲሰጡ ማድረግ የሁለቱም አገር ጥበብ ነው። ከመካከላችን ያሉ እናቶች የጠማቂውን ጥያቄ ከመጠበቅ አልፈው ጌሾ ስለ መደባለቅ ያስረዱት ነበር። ጥያቄና መልሱ በሦስት ቋንቋ ሲተላለፍ ብዙ ሳቅ ነበረ።

ከቤተ ልሔም በስተ ምዕራብ፣ ከቤት ጃላ በታች፣ የክሬሚዛን ሸለቆ ይገኛል። በዚያ በ1885 እ.ኤ.አ. በተመሠረተው መጥመቂያ ሳሌዥያን የሚባሉት የካቶሊክ መነኰሳት ወይን ይጠምቃሉ፤ ከሽያጩ የሚገኘውም ገቢ የማኅበሩን የትምህርትና የበጎ አድራጎት ሥራ ይደግፋል። ገዳሙ የተሠራው በጥንት የቢዛንታይን ገዳም ፍርስራሽ ላይ ነው። የክሬሚዛን ልዩ ክብር የአገሩን ዝርያ መጠበቁ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ ባሮን ሮትሽልድ በሪሾን ለጽዮንና በዚክሮን ያዕቆብ ታላላቅ መጥመቂያዎችን ካሠሩ ወዲህ፣ በአገሩ የተስፋፋው ከፈረንሳይ የመጣ ተክል ነው። ክሬሚዛን ግን ሐምዳኒ፣ ጃንዳሊ፣ ዳቡቂ የሚባሉትን ነጮችና ባላዲ የሚባለውን ቀይ ከአካባቢው ገበሬ እየገዛ ይጠምቃል። «ባላዲ» ማለት በዐረብኛ «ያገሩ» ማለት ነው፤ እኛ «የሀበሻ ዶሮ»፣ «የሀበሻ ጎመን» እንደምንለው። ከባላዲ የሚሠራው ቀይ ወይን ከውጭዎቹ ይልቅ ቀለል ያለ ነው፤ ከመካከላችን ቀይ ወይንን ለመልመድ የተቸገሩት በመጀመሪያ የወደዱት እርሱን ነው።

ይህ ሸለቆ በሥጋት የሚኖር ሸለቆ ነው። እስራኤል የምትሠራው የመለያያ ግንብ መሥመር በዚህ እንዲያልፍ በተወሰነ ጊዜ፣ ከ50 የሚበልጡ የቤት ጃላ ክርስቲያን ቤተሰቦች መሬታችን ከእጃችን ይወጣል ብለው ለዓመታት በፍርድ ቤት ተከራከሩ። ካህናቱም በሸለቆው ውስጥ በወይራ ዛፎች ሥር በየሳምንቱ ቅዳሴ ያደርጉ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. የወይራ ዛፎች ተነቅለው ከቤት ጃላ በኩል ግንባታው ተጀመረ። በአንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2014 እ.ኤ.አ.፣ በአጠገቡ ያለው የበቲር መንደር በጥንታዊ የድንጋይ እርከኖቹ ምክንያት «የወይራና የወይን ምድር» ተብሎ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቶ ነበር። የፖለቲካው ክርክር የእኛ ዐምድ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ከክሬሚዛን አንድ ጠርሙስ የሚገዛ ተሳላሚ ከማን እጅ እንደሚገዛና ገበሬው በማሳው ለመቆየት ምን እንደሚከፍል ማወቅ ይገባዋል። የቅድስት አገር ክርስቲያኖች ቍጥር እያነሰ ነው፤ የወይን ማሳ ደግሞ ከልጅ ወደ ልጅ ካልተላለፈ በጥቂት ዓመታት እሾኽ ይሆናል።

ከኢየሩሳሌም በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለችው ጠይቤህም እንዲሁ ናት። ይህች መንደር በዮሐንስ ወንጌል ጌታችን ከመከራው በፊት ከደቀ መዛሙርቱ ጋር የተቀመጠባት ኤፍሬም እንደ ሆነች ይታመናል። ሕዝቧ ክርስቲያን ነው፤ በዳርቻዋም የጥንት የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አለ። በ1994 እ.ኤ.አ. የቢራ መጥመቂያ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ የወይን መጥመቂያ ተከፈተባት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለ ተቀመጠች ቀኑ ቢሞቅም ሌሊቱ ይበርዳል። የቀኑ ፀሐይ ፍሬውን ያጣፍጣል፤ የሌሊቱ ብርድ ደግሞ ኮምጣጣነቱን ይጠብቅለታል። ከግንቦት እስከ መስከረም ዝናብ በማይጥልበት በዚህ ተራራ ሐረጉ ሥሩን በበሃ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ሰዶ ክረምት ከጠጣው እርጥበት ይኖራል። ደጋውንና ቆላውን ለይቶ የሚያውቅ ያገራችን ገበሬ ይህን ቢሰማ ራሱን ይነቀንቃል።

በእነዚህ መንደሮች መካከል በእግሩ የሚሄድ ሰው በዐለት ላይ የተፈለፈለ ጠፍጣፋ ገንዳ፣ ከበታቹም ጠለቅ ያለ ጕድጓድ ያያል። ይህ የጥንት መጭመቂያ ነው፤ ከላይ በእግር ይረገጣል፤ ጭማቂው በቦይ ወደ ታች ይወርዳል። ነቢዩ ኢሳይያስ ስለ ወይን ቦታው በተናገረው ምሳሌ ውስጥ ያለው መጭመቂያ እንዲህ ያለ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች በያቭኔ ከተማ 1,500 ዓመት ያህል ያስቈጠሩ አምስት ታላላቅ መጭመቂያዎችን ማግኘታቸውን ገለጹ፤ በዓመት ሁለት ሚሊዮን ሊትር ያህል ይሠራባቸው እንደ ነበር ገምተዋል። በዚያው ዘመን ይህ አካባቢ ወይኑን በሸክላ ማሰሮ እያሸገ ወደ ሩቅ አገር ይልክ ነበር።

ከእነዚያ ሩቅ አገሮች አንዱ የእኛ ነበር። በመጀመሪያው መቶ ዓመት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መጽሐፍ በአዱሊስ ወደብ በኩል ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ጥቂት የሎዶቅያና የኢጣልያ ወይን ይጠቅሳል። ዛሬ ዐቃባ በምትባለው በጥንቷ አይላ የተሠራ አንድ ዓይነት ማሰሮም በአክሱምና በአዱሊስ በመገኘቱ በባለሙያዎች ዘንድ «የአይላ አክሱም ማሰሮ» ተብሎ ተሰይሟል። ከዚህ ምድር ወደ ምድራችን የሚወስደው መንገድ ከእኛ በፊት ብዙ ዕቃ ተመላልሶበታል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ፤ የቍርባኑ ነገር ነው። ብዙ ተሳላሚዎች ከመልካም ልብ ተነሥተው ለደብራቸው ቀይ ወይን ይዘው መሄድ ይፈልጋሉ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ግን ለቅዱስ ቍርባን የሚዘጋጀው ከዘቢብ ነው። በቤተ ልሔም የሚያገለግሉት አገልጋዮች ዘቢቡን በንጹሕ ውሃ ዘፍዝፈው ይጨምቁታል። ስለዚህም ነው ከጥንት ጀምሮ ምእመናን ዕጣን፣ ጧፍና ዘቢብ ይዘው ወደ ደጀ ሰላም የሚመጡት። ጠርሙስ ለማዕድ ነው፤ ለመንበር የሚሆነው ዘቢብ ነው።

ለደብሩ መልካም ስጦታ የሚፈልግ ተሳላሚም መንገዱ ወደ ኬብሮን ይሁን። ሙሴ የላካቸው ሰላዮች በመሎጊያ ተሸክመው ያወጡትን የወይን ዘለላ የቈረጡት በኬብሮን አቅራቢያ በኤሽኮል ሸለቆ ነው። ዛሬም የኬብሮን ኰረብታዎች በወይን የተሞሉ ናቸው። ገበሬው በአብዛኛው ሙስሊም ስለ ሆነ ፍሬውን ለመጠጥ አይጠምቀውም፤ ትኩሱን ይሸጣል፤ የቀረውን በፀሐይ ያደርቃል፤ ወይም አፍልቶ «ዲብስ» የሚባል ማር መሰል ሽሮፕ ያወጣል። የደረቀውን ምን እንደሚለው ብትጠይቁት፣ «ዘቢብ» ይላችኋል። ትርጓሜ አያሻችሁም።

በእስራኤላውያን መንደሮች ያሉትን መጥመቂያዎች ለመጐብኘት የምትሄዱም አላችሁ። በይሁዳ ኰረብቶች ላይ ካለፈው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ትናንሽ የቤተሰብ መጥመቂያዎች ብዙ ተከፍተዋል፤ ቀይ ወይናቸውም የተመሰገነ ነው። በዚያ የሚሠራበትን ሥርዓት ብታውቁ ይጠቅማችኋል። የኮሸር ሕግ የሚጠብቅ መጥመቂያ በኦሪት ዘሌዋውያን እንደ ታዘዘው አዲስ የተተከለውን ሐረግ ፍሬ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት አይጠቀምም። ወይኑም ከመጭመቂያው ጀምሮ እስኪታሸግ ድረስ ሰንበትን በሚጠብቁ አይሁዳውያን እጅ ብቻ መነካት አለበት። ስለዚህ እንግዳ በርሜሉን ወይም ቧንቧውን እንዳይነካ ይነገረዋል። ሕጉ ለሁሉም የውጭ ሰው እኩል የተሠራ ስለ ሆነ እንደ ንቀት አትቍጠሩት።

ይሁን እንጂ ይህ ሕግ ወገኖቻችንን ያቈሰለበት ጊዜ ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. በአንድ ታላቅ የወይን ፋብሪካ የሚሠሩ ትውልደ ኢትዮጵያ እስራኤላውያን፣ ጥብቅ የሆነ የኮሸር ማረጋገጫ ለማግኘት ሲባል፣ ከወይኑ ጋር ከሚያገናኛቸው ሥራ እንዲዛወሩ መደረጋቸው በአገሩ ዜና ተሰማ። የተነሣባቸው ጥርጥር በአይሁድነታቸው ላይ ነበር። አገሩ ተቈጣ። ከሰፋርዲ ወገን ዋና ራቢ የነበሩት ይጽሐቅ ዮሴፍ ነገሩን በይፋ አወገዙ፤ አባታቸው ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 እ.ኤ.አ. ቤተ እስራኤልን አይሁድ ናቸው ብለው የፈረዱ ሰው ነበሩ። በእምነት ከቤተ እስራኤል ብንለይም በደምና በቋንቋ ወንድሞቻችን ናቸው። የሰው እጅ ወይኑን እንዳያረክሰው የተሠራ ጥንቃቄ፣ የሰውን ክብር ሲያረክስ ማየት ለሁላችንም ትምህርት ነው። እኛም በገዛ ሥርዓታችን ውስጥ ባልንጀራችንን ከማዕድ የምንገፋበት ቦታ እንዳለ መመርመር ይገባናል።

ሦስተኛውን ጥያቄ በመጨረሻ እንመልስ። ወይን መውደድ ለክርስቲያን ይገባዋልን? ኖኅ ወይን ተከለ፤ በወይኑም ተዋረደ። ጌታችን በሰርግ ቤት ውሃን ወይን አደረገ። ቅዱስ ጳውሎስ ለታመመ ልጁ ለጢሞቴዎስ ጥቂት እንዲጠጣ መከረው፤ ለሌሎቹም ስካርን ከለከለ። መጽሐፍ ሁለቱንም ስለሚነግረን አንዱን ይዘን ሌላውን ልንጥል አንችልም። መነኵሴው የተወውን ምእመን በልክ ቢቀምስ ሁለቱም ሰጪውን ሊያመሰግኑ ይችላሉ። በመጠጥ የቈሰለ ሰው፣ ቤቱም በመጠጥ የፈረሰበት፣ ማሳውን ይጐብኝ፤ ሐረጉን ይዳስስ፤ ጠርሙሱን ግን ይተው። ይህን ማለት ማፈር የለበትም፤ በጕዞ ላይ ያሉ ባልንጀሮቹም «አንድ ብቻ» እያሉ አያስጨንቁት። የጾም ወራትም የመታቀብ ወራት ናቸውና በዐቢይ ጾም የመጣ ተሳላሚ የገዛውን ለትንሣኤ ያቈየው።

እኛ ከእነዚህ ጕብኝቶች ያተረፍነው ፍቅር ልኩን ይዞ የመጣ ነው። ለአንድ ጠርሙስ ከ1 ኪሎ የማያንስ ፍሬ እንደሚያስፈልግ፣ ያንንም ፍሬ ሰው በመቀስ ዘለላ በዘለላ እንደሚለቅመው፣ ከግርዘቱ እስከ ማሸጉ ሁለት ዓመት ሊፈጅ እንደሚችል ያየ ሰው፣ ብርጭቆውን እንደ ውሃ አይገለብጠውም። አስቀድሞ ያሸታል፤ በጥቂቱ ይጐነጫል፤ ከእህል ጋር ያደርገዋል፤ ከጓደኛው ጋር ይጫወታል። ለፍስክ ማዕድ ብርቱው ቀይ ወይን ከጥብስ ጋር ይስማማል፤ በርበሬ ከበዛበት ወጥ ጋር ግን ታኒኑ ይጣላልና ቀለል ያለውን ምረጡ።

ለመጐብኘት የሚሻለውን ጊዜ ለምትጠይቁን፦ ለትንሣኤ የምትመጡ አዲሱን ቅጠል ታያላችሁ፤ ለጥምቀት የምትመጡ ግርዘቱን ታያላችሁ። መከሩን ማየት የሚፈልግ ግን ከፍልሰታ ፍቺ እስከ መስቀል ባለው ጊዜ ይምጣ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 13 ቀን፣ እኛ በደብረ ታቦር በዓል ችቦ አብርተን ሙልሙል ስንካፈል፣ በዚያው ቀን የኢየሩሳሌም ግሪኮች የዓመቱን የመጀመሪያ ወይን ወደ ቤተ ክርስቲያን አምጥተው ያስባርካሉ። የእኛ ልጆች ዳቦ ይዘው፣ የእነርሱ ልጆች የወይን ዘለላ ይዘው በአንድ ከተማ ጠባብ መንገዶች ላይ ይተላለፋሉ። ኅብስቱና ወይኑ ሳይነጋገሩ በአንድ ቀን ይገናኛሉ።

ወደ መንደሮቹ ለመሄድ የሚፈልግ ተሳላሚ ለገዳሙ የእንግዳ ተቀባይ ቀድሞ ያስታውቅ። መንገዱ የሚዘጋበት ቀን ስለሚኖር ከመነሣት በፊት መጠየቅ ይገባል፤ መነኰሳቱም በጸሎት ሰዓት እንግዳ አይቀበሉም። ስትደርሱ ከመቅመስ በፊት ማሳውን እንዲያሳዩአችሁ ለምኑ። ገበሬው ደስ ይለዋል።

እግዚአብሔር የገበሬውን ድካም ይባርክ፤ ለሸለቆው ሰላምን ይስጥ፤ እኛንም በግንዱ ላይ ጸንተን ፍሬ የምናፈራ ቅርንጫፎች ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።